ብልን ለይቶ ማወቅ፦ ትንሹ ግራጫ ክንፋምና የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት

ጌታችን በተራራው ስብከቱ በምድር የሚከማች መዝገብ እንደማይጸና ሲያስተምር ከጠቀሳቸው አጥፊዎች አንዱ ብል ነው። ነቢዩ ኢሳይያስም፣ ጻድቁ ኢዮብም የሰውን ኃላፊነት ሲገልጹ ብል የበላውን ልብስ በምሳሌነት አንሥተዋል። ምሳሌው ለሰሚዎቹ ሩቅ አልነበረም። በዚያ ዘመን ልብስ እንደ ወርቅና እንደ እህል የሚከማች፣ ከአባት ለልጅ የሚተላለፍ ሀብት ስለ ነበረ፣ ከሣጥን ወጥቶ ተበሳስቶ የተገኘ ካባ ምን ዓይነት ኪሣራ እንደ ሆነ ሁሉም ያውቀው ነበር።

ይህ ኪሣራ በዘመናችንም ከአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት አልራቀም። በየዕቃ ቤቱ የሚገኙት ካባዎች፣ መጋረጃዎች፣ ድባቦችና ምንጣፎች አብዛኞቹ የምእመናን ስለት ናቸው። አንዱ ከሩቅ አገር ሠርቶ የላከው፣ ሌላዋ ከዕለት ጉርሷ ቀንሳ ያስገባችው ነው። ለንግሥ በዓል ሣጥኑ ተከፍቶ የሱፍ ካባው ትከሻው ላይ ተበልቶ ሲገኝ የሚጠፋው ጨርቁ ብቻ አይደለም፤ የሰጪው መታሰቢያና የአስረካቢው አደራ ጭምር ነው።

ይሁን እንጂ ብልን በስሙ የምናውቀውን ያህል በመልኩ አናውቀውም። በዕቃ ቤት ውስጥ ትናንሽ ግራጫ ክንፋሞች በታዩ ቁጥር ሁሉንም «ብል» ብሎ መጥራት፣ ከዚያም በእጅ የተገኘውን መድኃኒት ሁሉ መርጨት የተለመደ ነው። በዚህ አካሄድ ጉዳት የማያደርሰው ይገደላል፤ አጥፊው በልብሱ እጥፋት ውስጥ ይቀራል፤ ንዋየ ቅድሳቱም በመድኃኒቱ ይበላሻል። ይህ ጽሑፍ ለሰበካ ጉባኤ አባላት፣ ለቄሰ ገበዞችና ለዕቃ ቤት ጠባቂዎች የግራጫውን ብል መልክ፣ በፍጥረታት ምደባ ውስጥ ያለውን ቦታና ከሚመሳሰሉት የሚለይበትን መንገድ ያስረዳል። ጥበቃው ከመለየት ይጀምራልና።

በፍጥረታት ምደባ ውስጥ ያለው ቦታ

የሥነ ፍጥረት ተመራማሪዎች ሕያዋንን በዝምድናቸው መሠረት በደረጃ ይመድባሉ። ተቀራራቢ ዝርያዎች በአንድ ወገን፣ ተቀራራቢ ወገኖች በአንድ ቤተሰብ፣ ቤተሰቦችም በአንድ ክፍለ መደብ ሥር ይሰበሰባሉ። ብል የሚገኝበት ክፍለ መደብ «ሌፒዶፕተራ» ይባላል። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «ባለ ቅርፊት ክንፍ» ማለት ነው። ቢራቢሮዎችና የእሳት እራቶች ሁሉ በዚህ ክፍል ውስጥ ናቸው። ክንፋቸው ሲነካ ጣት ላይ የሚቀረው ዱቄት መሰል ነገር እንደ ጣሪያ ክዳን ተደራርቦ ክንፉን የሚያለብሰው ጥቃቅን ቅርፊት ነው። የክንፉ ቀለምና ነጠብጣብም የሚገኘው ከዚሁ ቅርፊት ስለ ሆነ፣ ያረጀ ወይም በእጅ የታሸ ክንፋም ምልክቱን ያጣል። ይህን ነገር ኋላ እንመለስበታለን።

በዚህ ክፍለ መደብ ውስጥ ስም የተሰጣቸው ዝርያዎች ከ150 ሺሕ በላይ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ልብስ የሚበሉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ እነርሱም በዋናነት የሚገኙት «ቲኔይዲ» በሚባለው ቤተሰብ ውስጥ ነው። ይህ ቤተሰብ ከ2,000 በላይ ዝርያዎች ያሉት ሲሆን ከሌሎች የእሳት እራቶች በአንድ ጠባይ ይለያል። የአብዛኞቹ የእሳት እራቶች ትሎች የለመለመ ቅጠል ሲበሉ፣ የቲኔይዲ ትሎች ግን በአብዛኛው የሚመገቡት ሻጋታን፣ የበሰበሰ እንጨትን፣ የወደቀ ላባንና ጠጕርን ነው። እንግዲህ ብል ከአረንጓዴ ነገር ይልቅ የሞተና የተጣለ ነገር የሚያነሣ ቤተሰብ አባል ነው።

እዚህ የምንመለከተው ግራጫው ብል ሳይንሳዊ ስሙ «ቲኒያ ፔሊዮኔላ» ይባላል። ስሙን የሰጠው ስዊድናዊው ሊቅ ካርል ሊኔየስ ሲሆን፣ ይህም እ.ኤ.አ. በ1758 የታተመው «ሲስተማ ናቱሬ» የተባለው መጽሐፉ ዐሥረኛ እትም ውስጥ ይገኛል። ዛሬ ለእንስሳት ሁሉ የሚሰጠው ባለ ሁለት ቃል መጠሪያ መነሻ ሆኖ የሚቆጠረው ይኸው እትም ነው። «ቲኒያ» በላቲን የሚቦረቡር ትል ማለት ነው። «ፔሊዮኔላ» ደግሞ «ፔሊዮ» ከሚለው ቃል የወጣ ሲሆን፣ እርሱም ባለ ጠጕር ቆዳ እያለፋ ልብስ የሚሠራ ባለሙያ ማለት ነው። ሊኔየስ የትናንሾቹን ክንፋሞች ስም «ኤላ» በሚል መጨረሻ የመዝጋት ልማድ ነበረው፤ በኋላም ሌሎች ሊቃውንት ልማዱን ስለ ተከተሉት ዛሬም ስማቸው በ«ኤላ» የሚያልቅ ብዙ ናቸው። ስለዚህ የስሙ ፍች ራሱ የዚህን ፍጥረት ጠባይ ይናገራል፤ የጠጕር ልብስ ባለበት የማይጠፋ ትንሽ በላተኛ ነው።

የክንፋሙ መልክ

ጎልማሳው ብል ክንፉን ዘርግቶ ሲለካ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ከ9 እስከ 16 ሚሊ ሜትር ነው። ክንፉን አጥፎ ሲቀመጥ ግን ከስንዴ ቅንጣት ብዙ አይበልጥም። ሲያርፍ ክንፎቹን እንደ ቤት ክዳን በጀርባው ላይ ግራና ቀኝ ያዘነብላቸዋል እንጂ እንደ ቢራቢሮ ወደ ላይ አያቆማቸውም።

የፊት ክንፎቹ ቡናማነት ያለው ግራጫ ሲሆኑ በእያንዳንዱ ላይ ሦስት ጠቆር ያሉ ነጠብጣቦች ይታያሉ። ከሦስቱ ጎልቶ የሚታየው ወደ ክንፉ ጫፍ ያለው ነው፤ ሌሎቹ ሁለቱ ፈዘዝ ይላሉ። የኋላ ክንፎቹ ነጠብጣብ የሌላቸው፣ ፈዛዛ ግራጫ ናቸው፤ ዳር ዳራቸውም እንደ ነጠላ ዘርፍ ረዣዥም ጠጕር አለው። በራሱ አናት ላይ የቆመ፣ የተንጨባረረና ወደ ቢጫ የሚያደላ ጠጕር አለ። ይህ የራስ ጠጕር የቲኔይዲ ቤተሰብ መታወቂያ ከሆኑት ምልክቶች አንዱ ስለ ሆነ፣ በአጉሊ መነጽር ለሚመለከት ሰው ከክንፉ ነጠብጣብ ይልቅ አስተማማኝ ነው። ነጠብጣቡ ከላይ እንደ ተገለጸው በቅርፊት የተሠራ በመሆኑ በቀላሉ ይፋቃል።

ስለዚህ ክንፋም ሁለት ነገሮች መታወቅ አለባቸው። አንደኛው፣ ጎልማሳው ብል ልብስ አይበላም። የአፉ ክፍሎች እጅግ ያነሱ በመሆናቸው ምግብ አይመገብም፤ ትል በነበረበት ጊዜ ባከማቸው ኃይል ከጥቂት ቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት ኖሮ፣ ተራክቦ፣ እንስቷም ዕንቁላል ጥላ ይሞታል። ሁለተኛው፣ ከብዙዎቹ የእሳት እራቶች በተቃራኒ አብዛኛውን ጊዜ ብርሃንን ይሸሻል። የእሳት እራት በአማርኛ ስሙን ያገኘው ወደ መብራት እየበረረ ራሱን ለነበልባል ስለሚሰጥ ነው፤ ብል ግን ሣጥን ሲከፈትበት በልብሱ እጥፋት ላይ ሮጦ ወደ ጨለማው ይገባል፣ ወይም ዝቅ ብሎ አጭር በረራ ይበርና ይሸሸጋል። በሌሊት ማኅሌት በአምፖልና በጧፍ ዙሪያ የሚዞሩት ክንፋሞች እንግዲህ በአብዛኛው ከሜዳ የመጡ እንግዶች ናቸው። በካባው መበላት ሊጠረጠሩ አይገባም።

ትሉና የሚሸከመው ከረጢት

ጥፋቱን የሚሠራው ትሉ ነው፤ ግራጫውን ብል ከሌሎች ለመለየት የሚያስችለው ከሁሉ የበለጠ ምልክትም የሚገኘው ከትሉ ላይ ነው። እንስቷ በሱፉ ወይም በጠጕሩ መካከል በዐሥሮች የሚቆጠሩ፣ በዐይን ለማየት የሚያስቸግሩ ነጫጭ ዕንቁላሎችን ትጥላለች። የሚፈለፈለው ትል ሰውነቱ እንደ ወተት ቅባት የነጣ፣ ራሱ ቡናማ ነው፤ ሲያድግ እስከ 10 ሚሊ ሜትር ይደርሳል።

ትሉ ከተፈለፈለ ብዙም ሳይቆይ ከአፉ በሚያወጣው ሐር ቱቦ መሰል ከረጢት ይሠራል። የከረጢቱን ውጫዊ ገጽ ከሚበላው ጨርቅ በቆረጣቸው ቃጫዎች ያለብሰዋል። ከረጢቱ በሁለቱም ጫፍ ክፍት፣ ጠፍጠፍ ያለና በመካከሉ ሰፋ ያለ ነው። ትሉ ራሱንና የፊት እግሮቹን ብቻ አውጥቶ ከረጢቱን እየጎተተ ይሄዳል፤ ሲነካ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሲፈልግም በውስጡ ዞሮ በሌላው ጫፍ ብቅ ብሎ ይበላል። ሰውነቱ ሲያድግ ከረጢቱን በጫፎቹ ያስረዝመዋል፣ በጎኑም ያሰፋዋል።

ይህ ከረጢት ከቀይ ምንጣፍ ላይ ቃጫ ከወሰደ ቀይ፣ ከጥቁር በርኖስ ላይ ከወሰደ ጥቁር ይሆናል። ከአንዱ ጨርቅ ወደ ሌላው የተሻገረ ትል ከረጢቱ በየቀለሙ ተቀጣጥሎ ይገኛል። በዚህ ምክንያት በጨርቁ ላይ ሳለ የተንጠለጠለ ክር ወይም የቆሻሻ እብጠት ይመስላል፤ ብዙ ጊዜም ሳይታይ ያልፋል። የዕቃ ቤት ጠባቂ በሱፍ ልብስ ላይ የሩዝ ፍሬ የሚያህል «ክር» ካየ፣ በመርፌ ጫፍ ነካ አድርጎ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቅ። ክሩ ከተንቀሳቀሰ ግራጫው ብል ነው።

ትሉ በሙቀቱ፣ በእርጥበቱና በምግቡ መጠን ከጥቂት ወራት እስከ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በዚህ ሁኔታ ይቆያል። እድገቱን ሲጨርስ ብዙ ጊዜ ልብሱን ትቶ ወደ ግድግዳ ስንጥቅ ወይም ወደ ጣሪያ ይወጣል፤ በዚያም ከረጢቱን በሐር አጣብቆና ዘግቶ በውስጡ ወደ ክንፋምነት ይለወጣል። በዕቃ ቤት ጣሪያ ጥግ ላይ የተለጠፉ ትናንሽ ከረጢቶች ከታዩ ከሥራቸው ያለውን ሁሉ መመርመር ይገባል።

አንድ የመሰለው ብዙ ሆኖ መገኘቱ

ከሊኔየስ ዘመን ጀምሮ ከ200 ዓመታት በላይ ከረጢት የሚሸከመው ግራጫ ብል በብዙ አገሮች በዚያው በአንድ ስም ሲጠራ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1979 ግን በለንደን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይሠራ የነበረው ተመራማሪ ጌደን ሮቢንሰን ከልዩ ልዩ የዓለም ክፍሎች የተሰበሰቡትን ናሙናዎች እንደ ገና መርምሮ ውጤቱን አሳተመ። በዐይን ሲታዩ አንድ የሚመስሉት ክንፋሞች የመራቢያ አካላቸው በአጉሊ መነጽር ሲመረመር በርካታ የተለያዩ ዝርያዎች ሆነው ተገኙ። ለምሳሌ ፔሊዮኔላ ይበልጥ ቀዝቀዝ ያሉ አገሮችን የሚያዘወትር ሲሆን፣ በመልክ የሚመስለው «ቲኒያ ትራንስሉሴንስ» ደግሞ በሞቃት አገሮች የተስፋፋ ነው።

የመራቢያ አካል ለምደባ የሚመረጥበት ምክንያት አለ። ቀለም በዕድሜና በመታሸት ይለወጣል፤ መጠንም ትሉ ባገኘው ምግብ ይወሰናል። የመራቢያ አካል ቅርፅ ግን በአንድ ዝርያ ውስጥ ጸንቶ የሚኖርና ዝርያን ከዝርያ የሚለይ ነው። ስለዚህ የጥቃቅን ክንፋሞችን ትክክለኛ ስም ማወቅ የሚቻለው ባለሙያ ናሙናውን ከፍቶ ሲመረምረው ነው።

ይህ ለአጥቢያ ምን ይጠቅማል ቢባል መልሱ አጭር ነው። ጠጕርና ሱፍ የሚበሉት የዚህ ስብስብ አባላት ሁሉ ከረጢት ይሸከማሉ፤ አኗኗራቸውም ተመሳሳይ ስለ ሆነ ጥበቃው አንድ ዓይነት ነው። በዐይን ለሚለይ ሰው «ባለ ከረጢቱ ግራጫ ብል» ብሎ መመዝገብ ይበቃል፤ የቀረውን ለባለሙያ መተው ትክክለኛነት እንጂ ጉድለት አይደለም። ነገር ግን ባለ ከረጢቱን ከሌሎቹ የዕቃ ቤት ነፍሳት ሳይለዩ ማለፍ ጉዳት አለው።

ከግራጫው ብል ጋር የሚምታቱት

የመጀመሪያው የቅርብ ዘመዱ «ቲኒዮላ ቢሴሊዬላ» ነው። እርሱም የልብስ ብል ሲሆን በመጠን ከግራጫው ጋር እኩል ነው። ክንፉ ግን እንደ ደረቀ ገለባ ወርቅማ ሆኖ የሚያብረቀርቅ፣ ነጠብጣብም የሌለበት ነው፤ የራሱ ጠጕር ወደ ቀይ ያደላል። ትሉ ከረጢት አይሸከምም፤ በጨርቁ ላይ የሸረሪት ድር የሚመስል የሐር መጋረጃና ዋሻ እየዘረጋ ከሥሩ ይበላል። በድሩ ውስጥ እንደ አሸዋ ቅንጣት ያለ፣ የጨርቁን ቀለም የያዘ ኩስ ይገኛል። ከግራጫው ብል ይልቅ ደረቅ አየርን ይችላል።

ሁለተኛው «ትሪኮፋጋ ታፔትዜላ» የተባለው የምንጣፍ ብል ነው። ከሁለቱ ይተልቃል፤ የፊት ክንፉ ወደ ሰውነቱ ያለው ሲሶ ጥቁር ቡናማ፣ የቀረው ነጣ ያለ ስለ ሆነ ለመለየት አያስቸግርም። እርጥበት ያለበትን ቦታ፣ ሻካራ ሱፍንና ባለ ጠጕር ቆዳን ይመርጣል።

ሦስተኛው ለቤተ ክርስቲያን ልዩ ትርጉም ያለው ነው። በቤተልሔም ለመገበሪያ የሚቀመጠው ስንዴና ለወይን የሚዘጋጀው ዘቢብ «ኤፌስቲያ ካውቴላ» የተባለ ሌላ ግራጫ ክንፋም ያጠቃዋል። ይህ ክንፋም ከብል ተለቅ ያለ ሲሆን ክንፉ ላይ በአግድም የሚያልፉ ደብዛዛ መስመሮች አሉት፤ አናቱ የተንጨባረረ ጠጕር የለውም። በምደባም «ፒራሊዲ» የተባለ ፈጽሞ የተለየ ቤተሰብ ነው። ትሉ ዱቄትን፣ እህልንና የደረቀ ፍሬን በሐር እያያያዘ ያበላሻል እንጂ ሱፍ አይበላም። ቤተልሔሙና ዕቃ ቤቱ በሚቀራረቡበት ደብር ይህ ክንፋም በልብስ ሣጥን ላይ ሲያርፍ ቢታይ ችግሩ ያለው በሣጥኑ ሳይሆን በዘቢቡ ዕቃ ውስጥ ነው። ልብሱን በመድኃኒት መርጨት ዘቢቡን አያድነውም።

አራተኛው ክንፋም ትል ሳይሆን የጥቃቅን ጢንዚዛዎች ልጅ ነው። «ደርሜስቲዲ» የሚባሉት ጢንዚዛዎች ትላቸው ጠጕራም ሲሆን ሱፍን፣ ላባንና ደረቅ ቆዳን ይበላል። ከረጢትም ድርም አይሠራም፤ የሚተወው ምልክት በየጊዜው የሚያወልቀው ጠጕራም ቆዳው ነው። በብራና መጻሕፍትና በማኅደራቸው አጠገብ እንዲህ ያለ ቆዳ ከተገኘ ብልን መፈለግ ትቶ ወደዚህ ማተኮር ያስፈልጋል።

እንግዲህ ጠባቂው አራት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል ቢጠይቅ ከስሕተት ይድናል።

1. የተበላው ምንድን ነው? ሱፍና ጠጕር ነው ወይስ እህልና ፍሬ?
2. በቦታው ምን ምልክት ቀርቷል? የሚንቀሳቀስ ከረጢት፣ ድር ወይስ የወለቀ ጠጕራም ቆዳ?
3. ክንፋሙ ብርሃን ሲያይ ምን አደረገ? ሸሸ ወይስ ወደ መብራቱ ሄደ?
4. የክንፉ ቀለምና የአናቱ ጠጕር እንዴት ነው?

ሱፍን ስለ ምን ይመርጣል?

ሱፍ፣ ጠጕር፣ ላባና ቀንድ ሁሉም የተሠሩት ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን ነው። የኬራቲን ሰንሰለቶች በድኝ ትስስር አንዳቸው ከሌላው ጋር አጥብቀው የተቆራኙ ስለ ሆኑ አብዛኞቹ እንስሳት ሊፈጩት አይችሉም። የብል ትል ሆድ ግን ይህን ትስስር የሚፈታ ኬሚካዊ ሁኔታ አለው። በዱር በወፍ ጎጆና በአውሬ ጉድጓድ የወደቀውን ጠጕርና ላባ ወደ አፈር ከሚመልሱት ፍጥረታት አንዱ ብል ነው። በፍጥረት ውስጥ የተሰጠውን ድርሻ በቦታው ሲፈጽም ጠቃሚ ነው፤ ጎጂ የሚሆነው ወደ ሣጥናችን ሲገባ ነው።

ከዚህ በመነሣት በዕቃ ቤት ውስጥ ለአደጋ የተጋለጠውን መለየት ይቻላል። የሱፍ ካባ፣ በርኖስ፣ ባና፣ የሱፍ ምንጣፍና የፈረስ ጭራ የመጀመሪያው ተርታ ናቸው። ሐር ሁለተኛ ነው። ከጥጥ የተሠሩት ነጠላ፣ ጋቢና ጥምጥም እንዲሁም ሰው ሠራሽ ጨርቆች ለብል ምግብ አይሆኑም። ይሁን እንጂ ላብ፣ ዘይት ወይም ምግብ ከነካቸው፣ ወይም ከሱፍ ጋር ተቀላቅለው ከተሠሩ እነርሱም ይቦረቦራሉ። ትሉ ንጹሕ ሱፍ ብቻ ከሚመገብ ይልቅ በላብና በቅባት ያደፈ ሱፍ ሲያገኝ ይበልጥ ይፋፋል። አንገትጌው፣ ብብቱና እጅጌው ቀድመው የሚበሉት ስለዚህ ነው። ልብስን ሳያጸዱ ማስቀመጥ ለብል ማዕድ እንደ መዘርጋት ይቆጠራል።

ከመለየት ወደ ጥበቃ

ግራጫው ብል መኖሩ ከታወቀ በኋላ የሚወሰደው እርምጃ ከጠባዩ ይመነጫል። ጨለማን፣ ጸጥታን፣ እርጥበትንና ያደፈ ሱፍን ይወዳል፤ እነዚህን የሚያጣበት ዕቃ ቤት አይመቸውም።

ንዋየ ቅድሳትን የመንካት ሥርዓት እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ ካህናትና ዲያቆናት በዓመት ቢያንስ ሦስት ጊዜ ሣጥኖችን ሁሉ ቢከፍቱ መልካም ነው። ተስማሚዎቹ ጊዜያት ከጥምቀት በዓል በኋላ ልብሱ ወደ ሣጥን ከመመለሱ በፊት፣ ክረምት ከመግባቱ በፊት በግንቦት፣ እና የክረምቱ እርጥበት ካለፈ በኋላ በጥቅምት ናቸው። ልብሱ ተገልብጦ ነፋስ በሚያገኝበት ጥላ ይሰቀል፤ ስፌቱ፣ ኪሱና ኮሌታው ሥር በለስላሳ ብሩሽ ይጠረግ። መቦረሹ ዕንቁላሉንና ከረጢቱን ያራግፋል። በጠራራ ፀሐይ ለረጅም ሰዓት ማስጣት ግን የሐርንና የወርቀ ዘቦን ቀለም ያነጣል፤ የሱፍ ምንጣፍ ብቻ ተገልብጦ ፀሐይ ቢመታውና ቢራገፍ ይጠቀማል። ከምንጣፉ ሥርና ከሣጥኑ ጀርባ ያለው አቧራና ጠጕርም ተጠርጎ ከቅጥሩ ውጭ ይወገድ።

ሣጥኑ ከመሬት ከፍ ብሎ ከግድግዳም ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ የሚያፈስ ጣሪያ ይጠገን። ባለ ከረጢቱ ብል ከወርቅማው ይልቅ እርጥበት ስለሚፈልግ፣ ለጣሪያ ጥገና የሚወጣው ወጪ ለልብሱም ጥበቃ ነው። በኮርኒሱ ውስጥ ርግቦች ጎጆ ሠርተው ከነበረ ጫጩቶቹ ከወጡ በኋላ አሮጌው ጎጆ ይነሣ፤ የብል መነሻ ብዙ ጊዜ እዚያ ነውና። በስለት የሚገባ ያገለገለ የሱፍ ምንጣፍ ወይም ካባም ወደ ዕቃ ቤት ከመግባቱ በፊት ለብቻው ተቀምጦ ይመርመር።

የተጎዳው ዕቃ ትንሽ ከሆነና የምግብ ማቀዝቀዣ ከተገኘ፣ ልብሱን በፕላስቲክ ከረጢት አሽጎ፣ አየሩን አስወጥቶ፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚደርስ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሁለት ሳምንት ማቆየት ዕንቁላሉንም ትሉንም ይገድላል። ሲወጣ ጤዛ እንዳይነካው እንደ ታሸገ አንድ ቀን ይቆይ። ብራናና ሥዕል ያለበት ዕቃ ግን ያለ ባለሙያ ምክር በዚህ መንገድ አይታከም።

በመድኃኒት ረገድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአየር ላይ የሚረጭ ፀረ ነፍሳት የሚገድለው የማይበላውን ክንፋም ነው፤ በእጥፋት ውስጥ ያለውን ትል እምብዛም አያገኘውም፤ በጨርቁም ላይ እድፍ ይተዋል። ነጭ ጋዝ መቀባት ጧፍ በሚበራበትና ዕጣን በሚታጠንበት ቅጥር እሳት መጋበዝ ነው። ናፍታሊን የሚባለው ነጭ እንክብል የሚሠራው በጥብቅ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ እንፋሎቱ ሲጠራቀም ብቻ ነው፤ ክፍት ቦታ ላይ መበተኑ ጥቅም የለውም። ከዚህም በላይ በዘር የሚወረስ የደም ኢንዛይም እጥረት ያለባቸውን ሰዎች ቀይ የደም ሕዋስ ያጠፋል፤ ሕፃናትም ከረሜላ መስሏቸው ሊውጡት ይችላሉ። ልብሱን ለብሰው የሚያገለግሉት ዲያቆናት ብዙዎቹ ልጆች መሆናቸውን ማሰብ ይገባል። በውጭ አገር የሚሸጡት በሽታ የሚስቡ የብል ወጥመዶችም ለእያንዳንዱ ዝርያ የተለዩ ናቸው፤ ለወርቅማው ብል የተሠራው ግራጫውን አይስብም። ከባሕር ማዶ ለደብራቸው ወጥመድ ለመላክ የሚያስቡ ምእመናን አስቀድመው የብሉን ዓይነት ይጠይቁ።

በመጨረሻም እያንዳንዱ አጥቢያ በንብረት መዝገቡ አጠገብ አንድ ትንሽ ደብተር ቢይዝ ይጠቅማል። ምን እንደ ታየ፣ በየትኛው ሣጥን፣ በየትኛው ወር፣ ከረጢት እንደ ነበረና እንዳልነበረ ይጻፍበት። የተገኘው ክንፋምና ከረጢት ሳይጨፈለቅ በታጠፈ ወረቀት ወይም በትንሽ ጠርሙስ ቀንና ቦታ ተጽፎበት ይቀመጥ፤ አጋጣሚ ሲገኝ በአቅራቢያ ላለ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕይወት ወይም የዕፅዋት ጥበቃ መምህራን ይታይ። ደብተሩ ለዓመታት ሲጠራቀም የትኛው ጥግ እንደሚረጥብ፣ የትኛው ሣጥን እንደማይዘጋ፣ ብሉ በየትኛው ወር እንደሚበዛ ራሱ ይናገራል።

ቅዱስ መጽሐፍ ስለ ብል የሚነግረን በምድራዊ ነገር እንዳንመካ ነው። ይህ ትምህርት ግን በአደራ የተቀበሉትን ቸል ለማለት ምክንያት አይሆንም። ምእመናን ለእግዚአብሔር ቤት የሰጡት ስጦታ ለእነርሱ የሰማይ መዝገብ ነው፤ ለጠባቂዎቹ ግን የሚጠየቁበት አደራ ነው። ይህን ጽሑፍ ያነበበ የሰበካ ጉባኤ በሚቀጥለው ስብሰባው ሣጥኖቹ የሚከፈቱበትን ቀንና ኃላፊውን ቢወስን፣ የሚመጣው የንግሥ በዓል ካባዎቹን ያለ ጉዳት ያገኛቸዋል።